ስፓይደሯን ከመረከብሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ሲጠና ጉልበቴን ይይዘኛል እንጂ ሌላ የሚነገር ነገር የለም። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ልካልሻለች፤ ሰሞኑን ይደርስሻል።

ባለፈው እሑድ በስልክ የጠየቅሽኝን ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። «አባዬ፣ ስፓይደሯን ስረከብ ሞተሯን አውጥቼ በኤሌክትሪክ ሞተር ብቀይረው ቅር ይልሃል?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። በአንድ ቃል የሚመለስ ሆኖ ስላላገኘሁት ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ ያዝኩ።

መኪናዋን የገዛኋት አንቺ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሽ ነው። ሜሪላንድ ገጠር ውስጥ፣ በአንድ ገበሬ ጎተራ ሥር ለዓመታት ቆማ፣ የጣሪያ ሸራዋን አይጥ በልቶት፣ አራቱም ጎማዎቿ ተንፍሰው አገኘኋት። የ1977 ፊያት 124 ስፓይደር፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ የጣሊያን መኪና ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ተጎትታ ግቢ ስትገባ እናትሽ ከበረንዳው ላይ አየቻትና «ልጅ የምናሳድግበትን ገንዘብ!» ብላ በሩን ዘግታ ገባች። እውነቷን ነበር። ያኔ መልስ አልሰጠኋትም።

መልሱ ያለው አዲስ አበባ ነው። ሙያዬን የተማርኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረ ጋራዥ፣ በላዳ ታክሲ ላይ ነው። ጠዋት የገባ ላዳ ማታ ካልወጣ ባለታክሲው ከነልጆቹ ጦሙን ያድራል፤ ስለዚህ የጎደለውን ዕቃ ሶማሌ ተራ ወርደን ፈልገን፣ ከሌለም ከሌላ መኪና ዕቃ አስማምተን እናስነሳዋለን። ያስተማሩኝ ሽማግሌ መካኒክ ላዳ የፊያት ልጅ መሆኗን ደጋግመው ይነግሩን ነበር። በ1966 ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋዋሉና በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ ፋብሪካ ተከሉ። ከ1970 ጀምሮ ከዚያ የወጣችው ላዳ የፊያት 124 የቤት መኪና ናት፤ ለመጥፎ መንገድ እንድትመች ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በታምቡር ለወጡት፣ ሞተሩንም በሌላ ተኩት። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ቤተሰብ ያስተዳደረችው ይህችው ናት።

ስፓይደርም የዚያችው የ124 ልጅ ናት፤ ወለሉን አሳጥረው ሁለት በር አደረጓት። መልኳን ያወጣው ዲትሮይት ተወልዶ ቱሪን ለፒኒንፋሪና፣ ለመኪና ቅርጽ ነዳፊው ኩባንያ፣ ይሠራ የነበረው ቶም ጃርዳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ክሪክ አንስቼ ከሥሯ ስገባ፣ የኋላውን አክሲል የያዙትን አራት ዘንጎችና በአግድም የተጋደመውን አምስተኛውን አየሁ። ላዳ ላይ ስንቴ ፈትቼ እንዳሰርኩት! እጄ ቡሎኑ የት እንዳለ ሳላይ አገኘው። አሥራ አንድ ዓመት ያላየሁት ዘመድ በር ከፍቶ የተቀበለኝ ያህል ሆነብኝ። የመለዋወጫ መጽሐፏ ጣሊያንኛ ነበር፤ ገጹን ስገልጥ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ኮፈኖ፣ ማርሚታ ይላል፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ዕቃዎቹን የምንጠራባቸው ስሞች ናቸው። እዚህ አገር ጋራዥ ስቀጠር ሁሉንም በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ስማር የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን መጽሐፍ ያለ አስተርጓሚ አነበብኩት። እናትሽ ለጠየቀችው መልሱ ይህ ነበር።

አሁን ወደ ላሜራው ልምጣ፤ እንድትይዥልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። የዚህ መኪና ሞት ከሞተር አይመጣም። የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሞተር ነው፤ ከፌራሪ ወደ ፊያት የመጣ መሐንዲስ ነው፣ ሁለቱን የቫልቭ ዘንጎች በጎማ ቺንጋ አዞራቸው፤ ዘይቱንና ቺንጋውን በጊዜው ከቀየርሽለት ብዙ ዓመት ያገለግልሻል። ገዳይዋ ዝገት ነው፤ ከዝገትም ሁሉ የሚከፋው የፊት ሱስታና አሞርዛተር የሚቀመጡበት የላሜራ ቤት ላይ የሚይዘው ነው። ከውጭ ስታዪው ቀለሙ ያበራል። ኮፈኑን ከፍቼ የቀኙን ቤት በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ባደርገው እስከ እጀታው ገባ። ዙሪያውን ስጎረጉረው ስቱኮ እንደ ደረቀ ሊጥ እየተቦጨቀ ወደቀ፤ ከሥሩ ብረት የለም፣ ቡናማ ዱቄት ብቻ። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ሰው ቀዳዳውን ሞልቶ፣ አለስልሶ፣ ቀብቶ ሸጧታል። የላይኛው የጎማ ክንድ የታሰረው እዚያው ብረት ላይ ነው። አንድ ቀን ከነሰዎቹ መንገድ ላይ ትሰበር ነበር።

ያን ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ፤ አንቺ «ምን ሆነሃል?» ብለሽ ውኃ አመጣሽልኝ። ምን እንደሆንኩ አልነገርኩሽም። በወጣትነቴ ለሽያጭ የቀረበች አንዲት ላዳ እንዳሳምር ታዝዤ፣ የበሰበሰውን የጎን ላሜራዋን በስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ። ገዢው ከሦስት ልጆቹ ጋር መጥቶ በእጁ እየዳሰሰ «ጎበዝ፣ ንጹሕ ናት» አለ። እኔም ዝም አልኩ። የዚያ ሰው እጅ ከዓይኔ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ የስፓይደሯን ቤቶች ሁለቱንም ቆርጬ ለማውጣት ስወስን የመኪናዋ ነገር ብቻ አልነበረም።

አንድ ክረምት ሙሉ ወሰደብኝ። ከመቁረጤ በፊት ሁለቱን ቤቶች በወፍራም ብረት አግዳሚ አያይዤ አሰርኳቸው፤ ልኩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከሸሸ የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ ይበላሻልና። የዛገውን ቆርጬ ጤነኛው ብረት እስኪያበራ ድረስ ፈተግኩት። ብየዳውን አንድ ቦታ ላይ ካራዘምሽው ላሜራው ግሎ ይጎብጣል፤ እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ማዶ አንድ ነጥብ፣ እስኪበርድ ጠብቆ እንደገና። ስፌቱን ከውስጥ በኩል ሳልፈጨው ተውኩት። ያየው ሁሉ መበየዱን ይወቅ ብዬ ነው።

ከዚያ ፍሬኑ። ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም፤ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ስፓይደር ገና ከፋብሪካዋ አራቱም ጎማዎቿ ላይ ዲስክ አላት፤ በዚያ ዘመን ብዙ መኪና ያልነበረው ነገር ነው፤ ስለዚህ የተሻለ ፍሬን ልግጠም ብዬ ገንዘብ አላፈሰስኩም። ዲስኩን የሚይዙትን ፒንሳዎች ፈትቼ የውስጣቸውን የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒውን፣ ቀየርኩ፣ ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ተካሁ። አየር ለማስወጣት ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንቺን መሪው ላይ አስቀመጥኩሽ፤ እግርሽ እንዲደርስ ከጀርባሽ ሁለት ትራስ አደረግን። እኔ ከፍሬን ፖምፓው በጣም ከሚርቀው ከኋላው ቀኝ ጎማ ሥር ተኛሁ፤ ቀጭኗን ቱቦ በማር ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ። «እርገጪ!» እላለሁ፤ ትረግጫለሽ። «ያዢ!» እከፍተዋለሁ፤ ዘይቱ ከአረፋው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ቡልቅ ይላል። እዘጋዋለሁ፤ «ልቀቂ!» ሦስተኛው ጎማ ላይ ሳልዘጋው ለቀቅሽና አየሩ ተስቦ ተመለሰ። እኔ ሳልናገር ራስሽ ነሽ ጠርሙሱን በመስኮት አይተሽ ያወቅሽው። «እንደገና ከመጀመሪያው» አልሽኝ፤ ከመጀመሪያው ጀመርን። ሲጨልም ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። መሐንዲስ መሆንሽን እኔ የሰማሁት ያን ማታ ነው፤ ዲግሪውን በኋላ አመጣሽው።

ያሻሻልኳትን ነገር ሁሉ ታውቂዋለሽ፤ ምክንያቱን ብቻ ልጻፍልሽ። ካንዴላዎቹ ብልጭታ እንዲሰጡ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ፑንቲና አውጥቼ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ያደረግኩት በዝናብ ቀን መንገድ ላይ እንዳታስቀርሽ ነው። መብራቱ ላይ ሪሌ የጨመርኩት፣ የፊት መብራት ኤሌክትሪክ በሙሉ በቀጭን ሽቦ በማስነሻው ቁልፍና በማብሪያው በኩል ስለሚያልፍ፣ እነሱ ስለሚግሉና መብራቱም ስለሚደበዝዝ ነው፤ አሁን ከባትሪው በቀጥታ ያገኛል፣ ማብሪያው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። በጣም ርካሹ ሥራ ይህ ነበር፤ ማታ ስትነጂ ግን ከሁሉ የሚጠቅምሽ እሱ ነው። ያን የጎማ ግንድ የሚመስል ከባድ ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) ያነሳሁት ለውበት ነው፣ አልደብቅሽም። ከአሜሪካ የግጭት ሕግ የተነሳ ከ1975 ጀምሮ ለዚህ አገር የመጡት ሁሉ ተሸከሙት፤ ጃርዳ የሳላት ልጅ ግን ቀጭን የኒኬል ፓራውልት ነው ያላት። ሁለት ትልልቅ ካርቡራቶር ግጠምባት ብለው ጓደኞቼ ሲወተውቱኝ እምቢ አልኩ። ጉልበት ትጨምራለች፤ ግን ሁለቱን እኩል አድርጎ ማቆየት ዕለት ዕለት ጆሮ ይፈልጋል፣ ሚኒሞዋም፣ ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተሯ ዙር፣ ይረበሻል። ስፓይደር በ1972 የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና ለራፋኤሌ ፒንቶ አስገኝታለች፤ ለእኔ የምታረጋግጠው ነገር የለባትም።

ከእነዚህ አንዱንም ስሠራ አካሏን አልቆረጥኩም፣ አዲስ ቀዳዳ አልበሳሁም። የወጣው ዕቃ ሁሉ፣ ፓራውልቱም ፑንቲናውም፣ ዘይት ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ስሙና የወጣበት ቀን ተጽፎበት ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ አለ።

እንግዲህ ስለ ኤሌክትሪኩ። ቅር አይለኝም። ፊያትም ራሱ በዚህች መኪና ዕድሜ ሞተሩን ሲለዋውጥ ነው የኖረው፤ በ1,438 ሲሲ ጀምሮ እስከ 1,995 ደርሷል፤ በ1980 ካርቡራቶሩን ጥሎ የነዳጅ መርጫ አደረገባት፤ በመጨረሻም ፊያት ሲተዋት ፒኒንፋሪና በራሱ ስም እስከ 1985 ሠራት። ሞተሯ እንዳለ ሳይለወጥ የቆየ አይደለም። የምለምንሽ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ባትሪ ለማስቀመጥ ብለሽ ወለሏንም ሆነ እነዚያን ሁለት ቤቶች እንዳትቆርጪ፤ በቡሎን የሚገባና በቡሎን የሚወጣ አድርጊው። ጠቅላላ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ባትሪው የት እንደሚያርፍ፣ ሱስታውና ፍሬኑ ምን ያህል እንደሚችሉ አንቺ ከእኔ የተሻለ ታሰያለሽ፤ ግን የብየዳውን ቦታ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሥዕሉን ሠርቼ እልክልሻለሁ። ሁለተኛ፣ አንድ በጋ እንዳለች ንጃት። ሸራውን ከወንበርሽ ሳትነሺ በአንድ እጅ ወደ ኋላ ጣዪው፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ጫን በያት፣ ድምፁን ስሚ። ከዚያ በኋላም ሐሳብሽ ካልተለወጠ ሞተሩን አብረን እናወጣዋለን፤ ሣጥኑ ግን አይበቃውም፣ ለብቻው መቆሚያ እሠራለታለሁ።

ቺንጋውን ባለፈው ዓመት ቀይሬዋለሁ፤ ዓይንሽ ቢወደውም ዕድሜው ሲደርስ ቀይሪው፣ ጎማ ሳይታይ ነው የሚሞተው። የነጂው ወንበር ስፌት የእናትሽ ነው፤ በዚያ ከበረንዳው ከተቆጣችበት ዓመት ሁለት ክረምት በኋላ ራሷ ሰፋችው። ማንም እንዳይፈታው።

መጋቢት ላይ ስትመጪ የፍሬን ዘይቱ የሚቀየርበት ጊዜ ይደርሳል። ጉልበቴ ከሥር መግባቱን አይፈቅድልኝም። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ እረግጣለሁ፤ አንቺ ከኋላው ቀኝ ጎማ ትጀምሪያለሽ። ጠርሙሱን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።

አባትሽ