እማዬ ለፍልሰታ ኪያሩን በሱፍ አድርገሽ ብዪልኝ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ፣ የክረምቱ ብርድ አልበረታብሽም? እኛ እዚህ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍራንክፈርት አሁን በጋ ነው፣ ማታ 3 ሰዓት ሆኖ እንኳን ፀሐይ አልጠለቀችም፣ ልጆቹ አንተኛም እያሉ ያስቸግሩኛል። በስልክ ሳወራሽ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሳንጨርስ ስለሚዘጋ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። አንቺ ጋር ላለችው ለትንሿ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፣ ያልሰማሽውን አስደግሚያት፣ የምግቡን ነገር ደግሞ ወረቀት ላይ ትገልብጥልሽና ኩሽና ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ነገሬ ስለ ፍልሰታ ነው። ነሐሴ 1 ደረሰ፣ አንቺ ደግሞ እነዚህን ሁለት ሳምንታት እንዴት አድርገሽ እንደምትጾሚያቸው አውቃለሁ፣ ሳታስቀድሺ እህል አይነካሽም፣ የንስሐ አባትሽ ለመድኃኒትሽ ብለው ቀደም ብለሽ ቅመሺ ቢሉሽም እሺ ብለሽ ትመጪና እንደገና እስከ 9 ሰዓት ትቆያለሽ። አትጹሚ አልልሽም፣ በምን አፌ፣ ጾም ያስለመድሽኝ አንቺው ነሽ እኮ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዛ በኋላ የሚቀርብልሽ ነገር ነው። ምን በላሽ ስልሽ ሽሮ፣ በሌላ ቀን ስጠይቅሽም ሽሮ፣ አትክልትስ ስልሽ «ጥርሴ አይችለውም፣ ሰላጣውም ሎሚና ቃሪያ ብቻ ሆኖ አፌን ይቆጠቁጠኛል» አልሽኝ። እውነትሽን ነው አልፈርድብሽም፣ ግን በዚህ ዕድሜሽ በሽሮና በደረቅ እንጀራ ብቻ ስትከርሚ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡሻል፣ ጥርስ የሌላቸው አሉ፣ ምግብ ሲቀርብ ፊታቸውን የሚያዞሩም አሉ። አንዲት እናት ስጋውንም ድንቹንም ወደ ጎን ይገፉታል፣ የኪያር ሰላጣ የቀረበ ቀን ግን ሳህኑን በዳቦ እየጠረጉ ነው የሚጨርሱት። አጠገባቸው ማንኪያ ይዤ ስቀመጥ የማስበው አንቺን ነው፣ የሰው እናት እያጎረስኩ የኔን እናት ማን ያጎርሳታል እላለሁ። እና ያቺን ሰላጣ ላንቺ በጾም እንድትሆን አድርጌ ካልሰራኋት ብዬ ተነሳሁ።

ጀርመኖቹ ጉርከንዛላት ነው የሚሏት። ኪያሩን ከጀርባው ብርሃን እስኪያሳይ አሳስተው ይቆርጡትና ጨው ነስንሰው ውሃውን ይጨምቁታል፣ ከዛ አንዳንዱ ቤት በኮምጣጤና በዘይት ብቻ ይሰሩታል፣ አንዳንዱ ደግሞ በክሬም፣ ትንሽ ስኳርና ዲል የሚባል እንስላል የሚመስል ቅጠል ጨምረው። እዛ ያሉት እናት የሚወዱት በክሬም የሚሰራውን ነው። ክሬሙ ወተት ስለሆነ ደግሞ ለኛ ረቡዕና ዓርብም አይሆን ለፍልሰታም አይሆን። ማዮኔዝም ቢሉሽ እንቁላል አለበት አትንኪው፣ ያለ እንቁላል የተሰራ ካልሆነ በቀር። ሱፐርማርኬቱ እዚህ ቪጋን የተባለ የሰላጣ ሶስ ሞልቶታል፣ ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት ማለታቸው ነው፣ ግን ጠርሙሱን ገልብጠሽ ጀርባውን ስታነቢው የሚበዛው ውሃ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ስታርችና ማወፈሪያ ነው፣ ጨውም አይቀረውም፣ አንቺ ደግሞ ግፊት አለብሽ። ስለዚህ ሰው ይዞልሽ ይምጣ የሚለውን ሐሳብ ተውኩትና በቤት የሚሰራውን ያዝኩ።

ክሬሙን የሚተካው ሱፍ ነው እማዬ። አዎ ያው ለፍትፍት የምታደርጊው ሱፍ። እዚህ የሱፍ አበባው ፍሬ ልጣጩ ተነስቶ በከረጢት ይሸጣል፣ ከሁሉም ለውዝ ነክ ነገር ርካሹ እሱ ነው፣ የፈረንጅ ቪጋኖቹ ካሹ በሚባለው ነው አብዝተው የሚሰሩት ግን ያ ውድ ነው፣ ሱፉ ደግሞ ለኛ ምላስ ይበልጥ ይስማማል ባይ ነኝ። እኔ እዚህ የማደርገውን ልንገርሽና ከዛ አንቺ ቤት እንዴት እንደሚሆን እነግርሻለሁ።

አንድ የሻይ ብርጭቆ የተላጠ ሱፍ የፈላ ውሃ አፍስሼበት ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ፣ ጊዜ ካለኝ ደግሞ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ውሃውን እደፋለሁ። ከዛ ብሌንደር ውስጥ ሱፉን፣ ግማሽ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ፣ የሁለት ትንንሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ አድርጌ እፈጨዋለሁ። እዚህ ጋር መቸኮል የለም፣ መጀመሪያ ላይ ሻካራ ነው፣ ጣትሽ መሐል ስታሺው አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ቆም እያደረግሽ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በማንኪያ እያወረድሽ እንደገና ስታስፈጪው ሦስት አራት ደቂቃ ላይ ድንገት ይለዝባል፣ መልኩም ከግራጫ ወደ ነጭ ይሄዳል፣ ማንኪያው ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ያኔ ደረሰ ማለት ነው። ወፍራም ከሆነ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊ እንጂ አንዴ አትድፊበት፣ ከቀጠነ መመለሻው ከባድ ነው።

ሰናፍጩን ለጣዕም ብቻ እንዳይመስልሽ። ዘይትና ውሃ በራሳቸው አይዋደዱም፣ ትንሽ ቆይተው ይለያያሉ፣ ሰናፍጭ ግን አያይዞ ያቆማቸዋል፣ ፈረንጆቹም ለሰላጣ ሶስ ሰናፍጭ የሚጨምሩት አንዱ ለዚህ ነው። አንቺ በጾም ጊዜ ከቤትሽ ስለማይጠፋ ከዛው ጨልፊለት፣ ግን እሱ ራሱ ጨው አለውና ሌላ ጨው ከመጨመርሽ በፊት ቅመሺው፣ እኔ እንደውም አልጨምርም።

አሁን ያንቺ ቤት። ከገበያ የምታመጪው ሱፍ ከነልጣጩ ነው፣ ስለዚህ እንደልማድሽ ለቅመሽ አጥበሽ ትንሽ ቀቅለሽ ፍጪውና በወንፊት ወይ በንጹህ ሻሽ አጥልዪው፣ ይሄንን እኔ ላንቺ ላስተምር አልልም፣ እጅሽ የሚያውቀው ነው። ልዩነቱ ውሃውን ማሳነስ ነው፣ ለፍትፍት የምታደርጊውን ግማሹን ብቻ። እንዲያም ሆኖ የተጠለለው እኔ ከምሰራው ይቀጥናል፣ ለሱ ደግሞ ተልባ አለ። የተቆላና የተፈጨ ተልባ አንድ የሻይ ማንኪያ አድርገሽበት አማስለሽ አስር ደቂቃ ተዪው፣ ተልባ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ራሱ ያወፍረዋል፣ ለሆድ ድርቀትሽም ጥሩ ነው። ከዛ በላይ ግን አታብዢ፣ ሲበዛ መዝለግለግ ያመጣና አትወጂውም። ብሌንደሩ ካስቸገረሽ ትንሿ ትፍጭልሽ፣ አንቺ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ እዘዣት።

ወደ ኪያሩ ልምጣ። መጀመሪያ ከነልጣጩ በደንብ እጠቢው፣ ልጣጩ ይጣል የለ ብለሽ አትተዪው፣ ስትልጪ ቢላው ላይ ያለውን ቆሻሻ ነው ወደ ውስጥ የምታስገቢው፣ ክረምት ነው የውሃው ነገር አያስተማምንም፣ ብሌንደር ውስጥ የሚገባውም ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን አደራ። ከዛ ጫፉን ቆርጠሽ ቅመሺ፣ አንዳንዱ በግንዱ በኩል ይመራል፣ መራራ ከሆነ ከዛ በኩል አስፍተሽ ጣዪው፣ እስከ መሐሉ ከመረረ ሙሉውን ተዪው። ለሁለት ሰንጥቂውና ዘሩን በማንኪያ ፈልቅቀሽ አውጪ፣ የዛ አገሩ ኪያር እዚህ ካለው ረጅምና ቀጭን ኪያር ይልቅ ዘሩ ወፈር ይላል፣ ለጥርስሽም ለሶሱም አይሆንም። ለጥርስሽ ብዬ አሳስተሽ ቁረጪ ማለቱንም ትቼዋለሁ፣ በካሮት መፈግፈጊያው ፈግፍጊው በቃ፣ ማኘክም አይፈልግ።

ጀርመኖቹ ጨው የሚነሰንሱት ውሃውን ለማስወጣት ነው፣ ኪያር ከመቶ 95 እጁ ውሃ ስለሆነ ሳይጨመቅ ከሶሱ ጋር ከተቀላቀለ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ሳህኑ ውሃ ብቻ ይሆናል። አንቺ ግን ለግፊትሽ ስትይ ጨው አታስነኪው፣ የተፈገፈገውን በእጅሽ ጨምቂና ጭማቂውን እዛው ጠጪው፣ ውሃ ጠጪ ሲሉሽ የማትጠጪው ቢያንስ በሱ ይግባልሽ። ሶሱንም አስቀድመሽ አትቀላቅዪ፣ ልትበዪ ስትቀርቢ ብቻ ነው የሚገናኙት። ቃሪያ ከወደድሽ ፍሬውን አውጥተሽ ደቀቅ አድርገሽ፣ ቀይ ሽንኩርትም ትንሽ፣ አፍሽን ካቆጠቆጠሽ ሁለቱም ይቅሩ፣ ሱፉ ራሱ በቂ ጣዕም አለው።

ደግሞ «በክረምት ቀዝቃዛ አልበላም» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ድምፅሽ ከዚህ ይሰማኛል። ከፍሪጅ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት አስቀድመሽ አስቀምጪው፣ ብርዱ ይለቀዋል። ከሁሉም በላይ ግን እንድትሞክሪልኝ የምፈልገው ይሄ ነው፣ የተጨመቀውን ኪያር ከሶሱ ጋር ለውሰሽ ለስላሳ እንጀራ ቆራርሰሽ ፈትፍቺበት። ሱፍ ፍትፍት ነው በቃ፣ ግን ኪያር ያለበት፣ ወፈር ያለ። እኔ እዚህ ከስራ መልስ ቆሜ ነው የምጨርሰው፣ ባለቤቴ ሰላጣ የሚባል ነገር የማይነካው ሰውዬ እንኳን የኔን ሳህን ነው የሚያየው። ልጆቹ ግን ሰናፍጩ ስለሚያቃጥላቸው ለነሱ ያለሱ አደርጋለሁ።

ሱፉ ከጠፋ ወይ ዋጋው ከናረብሽ አቮካዶም ያገለግላል፣ አንድ የበሰለ አቮካዶ በሎሚና በትንሽ ውሃ መትተሽ፣ ለዛ ደግሞ ብሌንደርም አያስፈልግሽ በሹካ ይበቃል፣ ጉዳቱ መጥቆሩ ነው፣ ሎሚ ብታበዢበትም ሳያድር መበላት አለበት። ሰሊጥም ይሆናል፣ ብዙ አትቁዪው እንጂ ይመራል።

የሱፉ ሶስ ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ብርጭቆ አራት ቀን ይቀመጣል። መብራት እየጠፋ እንደሆነ ነግረሽኛል፣ እንደዛ ከሆነ ለአንድ ቀን የሚበቃሽን ብቻ ስሪ፣ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ነገር ውጪ ውሎ አድሮ መብላት ጥሩ አይደለም፣ የተረፈውን ለማን ልጣለው ብለሽ እንዳትበዪው በሞቴ። ሲቀመጥ ውሃ ከላይ ቢያሰፍፍ አልተበላሸም፣ አማስዪው ይመለሳል፣ ሽታው ከተለወጠ ግን ይደፋ።

እዚህ ከተማ አረንጓዴ ሶስ የሚባል ዝነኛ ምግባቸው አለ፣ ሰባት ዓይነት ቅጠል ከትፈው በክሬም ነገር ለውሰው ከቀቀሉት ድንችና እንቁላል ጋር ይበሉታል፣ ቅዳሜ ኮንስታብለርቫኸ ገበያ ስሄድ ሰባቱን ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ሲሸጡ አያለሁ። ከመሐሉ አንዱ ቅጠል ሲቀምሱት ኪያር ኪያር ነው የሚለው። እሱንም በሱፍ ሰርቼዋለሁ፣ ከድንቹ ጋር ለጾም ግሩም ነው፣ ስትመጪ እሰራልሻለሁ፣ ቪዛው ይሳካልንና።

እና እሺ በይኝ እማዬ። በየቀኑ አይደለም፣ በሁለት ቀን አንዴ ሽሮውን ቀንሰሽ ይሄን ብዪ፣ መድኃኒትሽን ከምግብ ጋር ያዘዙሽንም በባዶ ሆድ አትውሰጂ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስደውልልሽ ተልባው ልክ ሆነ ወይ፣ ሎሚው በዛ ወይ ብዬ ስለምጠይቅሽ ሳትሰሪ «ጣፍጦኛል» እንዳትዪኝ፣ ትንሿን ፎቶ አስልኪያት። የጎረቤታችን ልጅ ለመስከረም ወደዚህ ስትመለስ በርበሬ አትላኪ ገና አለኝ፣ ያልተፈጨ ሰናፍጭና አንድ ኪሎ ሱፍ ብቻ ስጫት፣ እዛ ከምትለቅሚው ሱፍ የሚወጣው ሽታ እዚህ በከረጢት ከሚሸጠው ላይ የለም።

ሰላም ሁኚልኝ እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜልሻለሁ።

ልጅሽ