ቤት ስናድስ ከማፍረሳችን በፊት አስቤስቶስ እንዳለ ለምን እናስመረምራለን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። በስልክ ስንመልሰው ሁልጊዜ ግማሹ ስለሚቀር በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን። ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሌላው ኮንትራክተር ነገውኑ እጀምራለሁ ብሎኛል። እናንተ ግን መጀመሪያ ይመርመር ትላላችሁ። ለምን?»

እናውቃለን፣ የክርስትናው ቀን ተቆርጧል። እናት ከአገር ቤት እየመጡ ነው። ቤዝመንቱ፣ ማለት ምድር ቤቱ፣ ግን ገና አልታደሰም። በዚህ መሃል «ትንሽ ቀን ጠብቁ» ሲባል ሰው ቢበሽቅ አይፈረድበትም።

የምናስጠብቃችሁ በአስቤስቶስ ምክንያት ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብዙዎቻችሁ የገዛችኋቸው ቤቶች ከ1980 በፊት የተሠሩ ናቸው (እዚህ ደብዳቤ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን የተሠራ ቤት ውስጥ አስቤስቶስ አንድ ቦታ ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። «ቤቱ እኮ ኢንስፔክሽን አልፏል» የምትሉን አላችሁ። ሪፖርቱን አውጥታችሁ እዩት። ቤት ሲገዛ የሚደረገው ተራ ኢንስፔክሽን አብዛኛውን ጊዜ አስቤስቶስን አያይም፤ እንደማያይም እዚያው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

ለመሆኑ ምንድን ነው? አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ነው። ከሌላው ድንጋይ የሚለየው ሲፈለፈል ወደ ቀጭን ክር መለያየቱ ነው። ክሩ አይነድም፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ቶሎ አይበጠስም፣ አሲድም ብዙ አይጎዳውም። በዚያ ላይ ርካሽ ነበር። ፊንላንድ ውስጥ ከ4,000 ዓመታት በፊት ሸክላ ሠሪዎች ከጭቃው ጋር ይቀላቅሉት ነበር። በኋላ ደግሞ በመርከብ፣ በቦይለር፣ በመኪና ፍሬን ሸራ፣ በጣሪያና በውሃ ቱቦ ገባ። አሜሪካ በ1973 ብቻ 800,000 ቶን ያህል ተጠቅማለች። እሳት እንዳይዛመት በማድረግ ያተረፈው ሰው እንዳለም አይካድም። ዝም ብሎ መርዝ ነው ብሎ መስደብ ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። ባይጠቅም ኖሮ ይህን ያህል ቤት ባልገባ ነበር።

ያልገባበት ቦታም የለም። በ1970ዎቹ በነበሩ የፀጉር ማድረቂያዎች ውስጥ ሙቀት መከላከያ ሆኖ ይገባ ስለነበር በ1979 ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። በጋዝ በሚሠሩ የሳሎን ምድጃዎች ውስጥ እውነተኛ ረመጥ እንዲመስል የሚበተነው አመድም አስቤስቶስ ነበረበት፤ እሱ በ1977 ተከለከለ። የሚገርመው ደግሞ ኬንት የተባለው ሲጋራ ነው። ከ1952 እስከ 1956 ድረስ ፊልትሩ ውስጥ ሰማያዊው የአስቤስቶስ ዓይነት ነበረበት። ማስታወቂያው ጤናን ይጠብቃል እያለ ነበር የሚሸጠው!

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያው ከክሩ ነው። ድንጋዩ ሲሰበር፣ ሲፋቅ ወይም ሲሰረሰር ክሩ ይበናል። አብዛኛው በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ በዕለቱ አያስልም። አየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሰውነት ሊያሟሟው አይችልም፤ እዚያው ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ሳንባው ጠባሳ ይይዝና ትንፋሽ ያጥራል፤ ይህ አስቤስቶሲስ ይባላል። የሳንባ ካንሰርም ያመጣል። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ደግሞ ዋናው መነሻው ይኸው ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ ቤዝመንት ያፈረሰ የ25 ዓመት ልጅ የሚታመመው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው ማለት ነው። ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። «ስንቱን ሰብሬ ምንም አልሆንኩም» የሚል ባለሙያ ስታገኙ ይህን አስታውሱ።

አዲስ ወሬም አይደለም። ኔሊ ኬርሾ የተባለች የእንግሊዝ ፋብሪካ ሠራተኛ አስቤስቶስ ስትፈትል ኖራ በ1924 በ33 ዓመቷ ሞተች። ሐኪሙ ሳንባዋ ውስጥ ያገኘውን በዚያው ዓመት በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። መቶ ዓመት አለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬም በሥራ ላይ ከተነፈሱት አስቤስቶስ የተነሳ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች ይሞታሉ።

ለአጫሾች ደግሞ ለብቻው የሚነገር አለ። በአሜሪካ ሙቀት መከላከያ ገጣሚዎች ላይ ተደርጎ በ1979 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከማያጨስና አስቤስቶስ ካልነካ ሰው ጋር ሲነጻጸር በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድል አስቤስቶስ ለነካ 5 እጥፍ፣ ለሚያጨስ 11 እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱም ላለበት ግን 50 እጥፍ አልፏል። ሥራ ላይ ሲጋራ የሚለኩስ ሠራተኛችንን ካያችሁ ንገሩን፤ እኛም እንቆጣዋለን።

አሁን ሳትደነግጡ ይህን አንብቡ። ቤታችሁ ውስጥ አስቤስቶስ መኖሩ ብቻውን አያሳምማችሁም። ያልተሰነጠቀ፣ ያልተፈረፈረ፣ ማንም የማይነካው ነገር አቧራ አይለቅም። አንድ ታይል አንድ ጊዜ የተሰበረበት ሰውም ይታመማል ማለት አይደለም። በብዛት የተጎዱት ለዓመታት በየቀኑ የተነፈሱት ሠራተኞች ናቸው። ቀጥሎ የሥራ ልብሳቸውን ያጠቡ ሚስቶቻቸውና አብረው የኖሩ ልጆቻቸው ናቸው። ስለዚህ እውነቱን እንናገር፦ ይመርመር የምንለው ለእናንተ ብቻ ብለን አይደለም። እናንተ ቤዝመንት የምታሳድሱት በዕድሜ አንዴ ነው። የእኛ ሠራተኞች ግን ሁልጊዜ መዶሻ ይዘው እዚያው አቧራ ውስጥ ናቸው። ማታ ደግሞ ያንኑ ልብስ ለብሰው ልጃቸውን ያቅፋሉ።

ታዲያ የት የት ነው የምናገኘው?

አንደኛ የቤዝመንት ወለል። ምንጣፉን ስናነሳ 9 ኢንች በ9 ኢንች የሆነ ትንንሽ ታይል ከወጣ ሥራ እናቆማለን። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሆኖ እንደ እብነበረድ ነጭ ዝንጉርጉር አለው። አንዱ ጥግ ላይ ከተነቀለ ሥሩ ጥቁር ማስቲሽ (ማጣበቂያ) ይታያል። ታይሉም ማስቲሹም አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። ታይሉን በሰላም አንስቶ ማስቲሹን በማሽን መፋቅ የተለመደ ጥፋት ነው። 12 ኢንች የሆነውም ቢሆን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊት ከገባ አይታመንም።

ሁለተኛ ፈንዲሻ የሚመስለው ኮርኒስ። ሁላችሁም ትጠሉታላችሁ፤ እኛም አንወደውም። በርጭት የሚሠራ አስቤስቶስ ለእሳትና ለሙቀት መከላከያ በ1973፣ ለጌጥ ደግሞ በ1978 ተከልክሏል። መጋዘን የቀረው ግን ከዚያም በኋላ ተረጭቷል። ይህ ኮርኒስ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይረግፋል፤ ደረቅ ፍቆ ማውረድ ክፍሉን በሙሉ አቧራ ያለብሰዋል።

ሦስተኛ ቦይለርና ራዲያተር ባለባቸው የዲሲ አሮጌ ቤቶች የቱቦው መጠቅለያ። ነጭ ጨርቅ ከላይ አለ። ጫፉ የተቀደደበትን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ውስጡ እንደታጠፈ የካርቶን ወረቀት ድርብርብ ነው። ቱቦው የሚታጠፍበት ላይ ደግሞ ጄሶ የሚመስል ነገር ተለስኖበታል። ከሁሉም የምንፈራው ይህን ነው፤ ሲያረጅ በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራልና። ልብስ ማድረቂያ ገመድ እዚያ ላይ አታስሩ።

አራተኛ አቲክ፣ ማለት ከኮርኒሱ በላይ ከጣሪያው ሥር ያለው ቦታ። እንደ ጠጠር የተበተነ፣ ቀላል፣ ወርቃማና ግራጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ ቨርሚኩላይት የሚባለው የሙቀት መከላከያ ማዕድን ነው። ከ1919 እስከ 1990 አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጣው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከምትባል ከተማ ነው። ማዕድኑ በአስቤስቶስ የተበከለ ነበር። ዞኖላይት በሚል ስም ይሸጥ ነበር። በ2009 መንግሥት ሊቢ ላይ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ እስከማወጅ ደርሷል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ምክር «አለበት ብላችሁ አስቡና አትንኩት» ነው። እዚህ ላይ የምንጣላው በሪሴስድ ላይት (ኮርኒስ ውስጥ በሚቀበር መብራት) ነው። ሳሎኑ ላይ ስምንት መብራት ይቀበር ስትሉን፣ ስምንት ቀዳዳ ከፍታችሁ የአቲኩን ጠጠር ሶፋችሁ ላይ አፍስሱልን እንደማለት ይሆናል። አቲኩ ሳይታይ ኮርኒስ ላይ ቀዳዳ አንከፍትም።

የውጭ ግድግዳ ላይ ያለው ጠንካራ የሲሚንቶ ሽፋንም ሊኖርበት ይችላል። እሱ ካልተቆረጠና ካልተሰበረ ብዙ አያሳስብም፤ ቀለም ቀብቶ መተው ይቻላል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ፈቃድ ያለው መርማሪ ቦታውን በውሃ እርሶ ትንሽ ቁራጭ ይወስዳል። ላብራቶሪ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ከ1 በመቶ በላይ ከተገኘበት በሕግ አስቤስቶስ ያለበት ይባላል። ለኮርኒስ አንድ ናሙና አይበቃም፤ ርጭቱ ከቦታ ቦታ ይለያያልና እስከ 1,000 ካሬ ጫማ ላለው ሦስት ቦታ እናስወስዳለን። የላብራቶሪው ዋጋ ለአንድ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ነው። ሂሳቡን በቀጥታ ለመርማሪው ትከፍላላችሁ። እኛ ከመሃል የምንወስደው የለም።

ካለበትስ? ሦስት መንገድ አለ። እንዳለ መተው፣ መሸፈን፣ ማስወጣት። ለወለል ታይል አብዛኛውን ጊዜ የምንመክረው ሳይነቅሉ ከላይ አዲስ ወለል መዘርጋት ነው። ርካሽ ነው፣ አቧራ የለውም፣ ቶሎ ያልቃል። ለክርስትናውም ይደርሳል። ማስወጣት ግን ውድ ነው፤ አንዋሻችሁም፣ ሺህ ዶላሮች ሊፈጅ ይችላል። ክፍሉ በላስቲክ ይታሸጋል፣ አየሩ በልዩ ማጣሪያ ይሳባል፣ ቆሻሻው ታሽጎ ወደተፈቀደለት ቦታ ይሄዳል። ያን ሥራ እኛ አንሠራም፤ ፈቃዱ የለንም። ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያ ወይም ከዲሲ ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው የሚሠራው። ፈቃዱን አሳየን በሉት፤ ካቅማማ አሰናብቱት። የመረመረውና የሚያወጣው አንድ ሰው ባይሆን ደግሞ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ለናንተ አይነገርም።

«ወንድሜ ቅዳሜ መጥቶ ይፍቅልኛል» የምትሉ፣ እባካችሁ ወንድማችሁን አስቡለት። ከኮቪድ የተረፈው ማስክ ለዚህ አይሆንም። ኤን95 የተባለውም ለአስቤስቶስ አልተፈቀደም። በመጥረጊያ መጥረግና የቤት ቫኪዩም መጠቀም ደግሞ የባሰ ነው፤ ክሩ በተራ ቫኪዩም ፊልትር አልፎ ቤቱን ይሞላዋል።

ምናልባት ሳታውቁ ሰብራችሁ ከሆነ ሥራውን አቁሙ። ማሞቂያውን ወይም ኤሲውን አጥፉ፣ አለዚያ አቧራውን በየክፍሉ ያዞረዋል። ውሃ በስሱ እርጩበት፣ በሩን ዝጉ፣ ልጆች አታስገቡ። የለበሳችሁትን እዚያው በላስቲክ አስራችሁ ታጠቡ። ከዚያ ደውሉ፤ ምርመራው በዚያ ሰዓት ከአቧራው ነው የሚጀምረው።

ሕጉ ይጠብቀናል ብላችሁ አትዘናጉ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በ1989 አብዛኛውን የአስቤስቶስ ምርት ሊከለክል ሞክሮ በ1991 ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሽሮበታል። አሜሪካ ውስጥ ጥቅም ላይ ይውል የነበረውን ነጩን የአስቤስቶስ ዓይነት የሚከለክል ደንብ የወጣው በ2024 ነው። ያም ቢሆን ስለ አዲስ ዕቃ ነው እንጂ ግድግዳችሁ ውስጥ ስላለው አይደለም።

ለሚቀጥለው ሥራ ስትደውሉልን ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ንገሩን። የወለሉን፣ የኮርኒሱን፣ የቦይለሩን ቱቦና የአቲኩን ፎቶ በስልክ ላኩልን። ለአቲኩ በሩን ከፍታችሁ ከደረጃው ላይ ሆናችሁ ብታነሱት ይበቃል፤ አትግቡ። ናሙና ግን ራሳችሁ ቆርሳችሁ በፌስታል እንዳታመጡልን፤ ፎቶው ይበቃናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሠራተኞች