የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የልብ ትርታ የቆጠርንበት ቅዳሜ

ክበባችን ዘንድሮ ችግኝ ተክሏል፤ የመጀመሪያ እርዳታም ተምሯል። በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ከልቤ ያልወጣው በሚያዝያ ያሳለፍነው አንድ ቅዳሜ ነው።

ያን ቀን ከዓመታት በፊት ባዮሎጂ ያስተማርኩት ልጅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መጣልን። ከሕንፃ ወድቆ አንገቱ ላይ ኅብለ ሰረሰሩ (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ከተጎዳ ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የቤተ ሙከራችን በር ሦስት ደረጃ አለው። ወንዶቹ ሊሸከሙት ተሽቀዳደሙ፤ እርሱ ግን "ሜዳው ይሻለኛል" አለ። ተከትለነው ወጣን።

መጀመሪያ አባላቱ ሮጡ። የእጅ አንጓቸውን ይዘው ለ15 ሰከንድ ቆጠሩ፣ በ4 አባዙ፤ አብዛኞቹ ከ170 አለፉ። ቀጥሎ እርሱ የቅርጫት ኳስ ሜዳውን ስድስት ጊዜ ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ትርታው ግን 116 ነበር።

"ጋሼ፣ አልደከመዎትም እንዴ?" አለች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ።

"መናገር እንኳን አቅቶኛል" አላት።

ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ አከርካሪ ሳልኩላቸው። ልብን የሚያስቸኩሉት ነርቮች ከኅብለ ሰረሰር የሚወጡት በላይኛው የደረት ክፍል ነው። ጉዳቱ ከዚያ በላይ ሲሆን የአንጎል ትእዛዝ አይደርሳቸውም። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም በዚያው መንገድ ስለሚታዘዙ በእንቅስቃሴ ጊዜ ልብን የሚያፈጥነውን ሆርሞን፣ አድሬናሊንን፣ በበቂ ወደ ደም አይለቁም። ልብን የሚያዘገየው ቫገስ ነርቭ ግን በቀጥታ ከአንጎል ግንድ ስለሚወርድ አይነካም፤ ትርታው የሚጨምረው በዋናነት እርሱ ፍሬኑን ሲያላላ ነው። ስለዚህ የአንገት ጉዳቱ ሙሉ ከሆነ፣ ማለትም ትእዛዝ ጨርሶ የማያሳልፍ ከሆነ፣ ትርታው ከ110 እስከ 130 አካባቢ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ሰው ጥረት በትርታ ቁጥር መመዘን ግፍ ነው፤ ራሱን መጠየቅ ይገባል።

በመካከሉ እርጥብ ፎጣ ጠየቀን። ከጉዳቱ በታች ቆዳው በወጉ ስለማያልበው የኮምቦልቻ ፀሐይ ትከብደዋለች። የሽንት ፊኛው ሲሞላም የደም ግፊቱ በድንገት አሻቅቦ ራሱን ሊፈልጠው እንደሚችል ነገረን። ያን ጊዜ ቀና አድርጎ ማስቀመጥና መንስኤውን ፈልጎ ማስወገድ እንጂ ማስተኛት አይገባም። ይህ በመጀመሪያ እርዳታ ደብተራችን አልነበረም፤ አሁን ተጽፏል።

ሰኔ ላይ ልጆቹ ደረጃውን ለኩ፤ ከፍታው 45 ሳንቲሜትር ነው። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ብለው ሲያሰሉ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ሆነ። ገመድ ዘረጉ፤ ጫፉ የአበባ መደቡ መካከል አረፈ። አበባውን እንድናዛውር ርእሰ መምህሩ ፈቅደዋል።