አባባ፣ መንገዱ ሜዳ ነው

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጅ በቁመት አልፎኛል፤ ጫማው ከአባቱ ጫማ እኩል ሆኗል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ብቅ እያለ ነው። ያንን ነጭ ጋቢ የለበሱበትን ፎቶግራፍዎን ትምህርት ቤት ወስዳ ለክፍሏ ልጆች አሳይታለች፤ "አያቴ በሰኔ ይመጣሉ" ብላ ለመምህሯ ሳይቀር ነግራለች።

"መጥቼ ምን ልሠራ? ጉልበቴ ዳገት አይችልም። ቤት ተዘግቶብኝ ከምውል እዚሁ ደጄ ላይ ፀሐይ ብሞቅ ይሻለኛል" ብለዋል አሉ። የነገረኝ ወንድሜ ነው። ታዲያ ዳገት ማን ውጡ አለዎት? ከዚህ በታች የምጽፍልዎትን ደጋግሜ የሄድሁበት መንገድ ስለሆነ አምነው ይቀበሉኝ።

እዚህ አየርላንድ፣ ከቤታችን ጀርባ ሮያል ካናል ያልፋል። ሰው የቆፈረው የጀልባ ቦይ ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1790 ደብሊን ላይ ተጀምሮ በ1817 ሻነን ወንዝ ደረሰ። በዚያ ዘመን ጀልባውን በገመድ የሚጎትቱት በዳር በዳር የሚሄዱ ፈረሶች ስለነበሩ መንገዱ የተደለደለው ጭነት ለሚጎትት ፈረስ እንዲመች ሆኖ ነው። ለጉልበትዎ ከዚህ የተሻለ አላገኝም። ዛሬ ከሜይኑዝ እስከ ሎንግፎርድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ለእግረኛና ለብስክሌት ተስተካክሏል። እርስዎ እስከ ድልድዩ ደርሰው ቢመለሱ ይበቃል፤ ከዘራዎን ይዘው፣ ቀስ ብለው።

በዚህ መንገድ ላይ በየቦታው ከነሐስ የተሠሩ የሕፃናት ጫማዎች አሉ። ሳልነግርዎት ድንገት ቢያዩዋቸው እንዳይከፋዎት ታሪካቸውን ልጻፍልዎ። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንቹን ሰብል በሽታ መታውና ረኃቡ እስከ 1852 ዘለቀ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1847 ስትሮክስታውን ከሚባል ርስት ላይ 1490 ጭሰኞች ተነቅለው በዚሁ ቦይ ዳር በእግራቸው እስከ ደብሊን ተጓዙ። ባለርስቱ እነርሱን ከመቀለብ የመርከብ ዋጋቸውን ከፍሎ ወደ ካናዳ መስደድ ረክሶለት ነው። ብዙዎቹ በባሕር ላይ፣ ብዙዎቹም ካናዳ እንደደረሱ አለቁ። የነሐስ ጫማዎቹ የእነርሱ መታሰቢያ ናቸው።

መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት በልቤ የመጡት እርስዎ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ኮረም መንገድ ላይ ያዩትን ለእኛ ለልጆችዎ ተናግረው አያውቁም። እማዬ ናት የነገረችኝ፤ እርሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እርስዎ እንዳይሰሙ። የከበደውን ሁሉ ለብቻ መዋጥ የጀመሩት ያኔ ይሆን እላለሁ። ይህን ልተወውና ወደ መንገዱ ልመለስ።

ግሌንዳሎክን ግን ሳያዩ አይመለሱም። ከደብሊን በስተደቡብ፣ ዊክሎው ተራሮች መካከል ያለ ሸለቆ ነው፤ ስሙም የሁለት ሐይቆች ሸለቆ ማለት ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ኬቪን የሚባል መናኝ ገዳም የመሠረተበት ቦታ ነው። 30 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ክብ የድንጋይ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል። በሩ ከመሬት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ስለተሠራ መነኮሳቱ የሚገቡት በመሰላል ነበር፤ ደወላቸውንም ንዋየ ቅድሳታቸውንም እዚያ ያኖሩ ነበር። ደብረ ዳሞ በገመድ የወጡበትን ቀን ሲያወሩ የሰማ ሰው ይህን በር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

እዚያ "አረንጓዴው መንገድ" የሚሉት የሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያ አለ። ከፍርስራሾቹ አልፎ በታችኛው ሐይቅ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር ይሄዳል፤ ረግረጉ ላይ ሳንቃ ተነጥፎለታል። ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው። ጉልበትዎ ከፈቀደ ደግሞ በላይኛው ሐይቅ ዳር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ሌላ መንገድ አለ፤ በጥድ ዛፎች መካከል አልፎ ድሮ እርሳስ ይወጣበት ወደነበረ የማዕድን መንደር ፍርስራሽ ያደርሳል። የዱር ፍየሎች አይጠፉበትም። ከዚያው መንገድ ከሐይቁ ማዶ ገደሉ ላይ ቅዱሱ ይተኛባት የነበረች ዋሻ ትታያለች። በዓሉ በእነርሱ ሰኔ 3፣ በእኛ ግንቦት 26 ነው።

ቅዱስ ኬቪን እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ጥቁር ወፍ መዳፉ ላይ ጎጆ ሠራች፤ ጫጩቶቿ እስኪፈለፈሉ ድረስ እጁን ሳያጥፍ ቆመላት ይባላል። ይህን በሰማሁ ጊዜ የተጠማችውን ወፍ የዓይናቸውን እንባ ያጠጧት አቦ ትዝ አሉኝና ግንቡን ፎቶግራፍ አንሥቼ በእማዬ ስልክ ላክሁላት። "እማዬ፣ የእነዚህም አገር አቦ አላቸው" ብዬ ጻፍሁ። "እናትሽ በጣም ደስ ብሏታል፤ ጠበል ላይ ስለሆነች ነው የማትደውልልሽ" የሚል መልስ መጣልኝ።

አባባ፣ ያን ጊዜ እማዬ ከተቀበረች ሰንብታ ነበር።

መልሱን የጻፈው ማን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። እንዲደበቀኝ ያዘዙት እርስዎ እንደሆኑ ግን አውቃለሁ። ትንሿን እርጉዝ ነበርሁ፤ ድንጋጤው ፅንሱን ይጎዳል ብለው ነው። መርዶ በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ የሚይዘው የለም ብለው ነው። አክስቴም፣ የንስሐ አባታችንም ይህንኑ ነግረውኛል። እርስዎም በዚያ ሐዘን ላይ ስልክ ባነሡ ቁጥር ለእኔ ሲሉ ድምፅዎን ሲያስተካክሉ ምን ያህል እንደተቃጠሉ ይገባኛል። ለእኔ ያደረጉትን ሁሉ ቆጥሬ አልጨርስም። ነገር ግን አርባዋ እስኪወጣ አገር ሁሉ ሲያለቅስላት የወለደቻት ልጇ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ፣ ሐይቅ ዳር ቆማ እየሣቀች ፎቶግራፍ ትልክላት ነበር። ይህ ከውስጤ አልወጣም። ትንሿ ተወልዳ፣ ጡት ጥላ፣ ትምህርት ቤት ገብታ አልወጣም።

እዚህ አገር ሞት አይደበቅም። በየአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ የሟቾች ስም፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓት በየቀኑ ይነበባል። በዘመነ ስደታቸው ደግሞ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ልጅ አይመለስም ተብሎ በዋዜማው ሌሊት እንደ ሞተ ሰው ይለቀስለት ነበር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በዘፈንም በእንባም ያነጉ ነበር። ይህን ሳነብ ቦሌ ላይ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው የቆሙት ታወሰኝ።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ። ወንድሜ "ጉንፋን ነው፤ ለቀቅ አድርጓቸዋል" ይለኛል። ለጉንፋን ግን ሰው ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ለምርመራ አይሄድም። እኔ የምሠራው በአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ነው፤ የሰው አባት ሳነሣና ሳስቀምጥ ነው የምውለው። ዓረፍተ ነገርዎን ሳይጨርሱ ትንፋሽ ሲያጥርዎት በስልኩ እሰማለሁ። ከዚያ ስልኩ ለወንድሜ ይሰጣል፤ ወንድሜም ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራኛል። እማዬም በመጨረሻዋ ወራት ስልኩ ቶሎ ቶሎ ይወሰድባት ነበር።

እንደ እርሷ ጊዜ እንዳያደርጉኝ። ክፉ ነገር ከሆነ ክፉ ነው ይበሉኝ። አሁን ነፍሰ ጡር አይደለሁም፤ ብቻዬንም አይደለሁም።

የደም ግፊቱን ክኒን እየወሰዱ ነው? ማታ ማታ ነው የሚወሰደው ወይስ ጠዋት? ባለፈው ሁለት ዓይነት ነገሩኝ። ለቪዛው የሚያስፈልገውን የጥሪ ደብዳቤ፣ የሥራ ማስረጃዬንና የባንክ ወረቀቴን አዘጋጅቻለሁ፤ ለጉብኝት የሚሰጠው እስከ 90 ቀን የሚያስቆይ ነው። ሐኪሙ አውሮፕላን አይፈቀድም ካለም እኔው እመጣለሁ፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ይህን ለወንድሜም አልነገርሁትም።

ሌላው የማሳይዎ ሞናስተርቦይስ ነው። የአንድ አሮጌ ገዳም መቃብር ስፍራ ነው፤ ከመኪና ወርደው ጥቂት ርምጃ ብቻ ነው፤ በሩጫ የሚታይ ግን አይደለም። አምስት ሜትር ተኩል የሚሆን የድንጋይ መስቀል ቆሟል፤ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአንደኛው ገጹ የፍርድ ቀን ተቀርጿል፤ ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ሲመዝን፣ ሰይጣን ከሥር ሆኖ ሚዛኑን ወደ ራሱ ሲስብ። ከበላዩ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ አሉ። የግብፅ በረሃ አባቶች ዝና እዚህ የዓለም ዳር ድረስ ደርሶ ድንጋይ ላይ መቀረጹን ሳይ ያጫወቱኝ የነበረው የአባቶች ገድል ሁሉ መጣብኝ። መስቀሉን ለልጆቹ እርስዎ ቢያስረዷቸው እወዳለሁ፤ እኔ ሳወራላቸው ግማሹ ይጠፋብኛል። ኒውግሬንጅ የሚባለውን፣ ከጊዛ ፒራሚዶች የሚበልጥ ዕድሜ ያለውን መቃብር ትቼልዎታለሁ፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ማጎንበስ ይፈልጋል።

የጫማ ቁጥርዎን ላኩልኝ፤ ሣሩ ጠዋት እርጥብ ስለሆነ ውኃ የማያስገባ እገዛልዎታለሁ። ከእርሱ ጋር የሐኪሙን ወረቀት ፊትና ጀርባውን ፎቶግራፍ ያስነሡና ይላኩልኝ፤ ማኅተም ያለበትን። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እደውላለሁ። ስልኩን እርስዎ ራስዎ ያንሡት፤ ወንድሜ ያንን ሰዓት ውጭ ይቆይልን።

ልጅዎ