ላንድማርክ ሞልን የገደለው ምንድን ነው?

ውድ እህቴ ሳባ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? መጠፋፋታችን በዛ፤ መልእክትሽን ሳነብ ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ሞል ውስጥ ሱቅ ልትከራዪ እንደሆነ ነግረሽኛል፤ የአሌክሳንድሪያው፣ የቨርጂኒያው፣ ላንድማርክ ሞልስ የት ደረሰ ብለሽም ጠይቀሻል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ላይ ልመልስልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ላንድማርክ የለም። በሜይ 2022 ማፍረስ ጀመሩ፤ ቦታው ላይ በ2028 ይከፈታል የተባለ፣ ኢኖቫ የተሰኘው የጤና ድርጅት ሆስፒታል እየተሠራ ነው፤ በዙሪያው መኖሪያ ቤቶች፣ ሱቆችና የእሳት አደጋ ጣቢያ ይኖራሉ።

ብዙ ሰው “ኢንተርኔት ገደለው” ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በሽታው የጀመረው ሰው በስልኩ ልብስ ማዘዝ ከመልመዱ በፊት ነው። ሞሉ በ1965 ሲከፈት ጣሪያ እንኳ አልነበረውም። ግን ሲርስን፣ ሄክትስንና ዉድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕን፣ ሰዉ ዉዲስ የሚለውን ማለቴ ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሰብስቦ ነበር፤ በዋሽንግተን አካባቢ ሦስት ትልልቅ መደብሮችን አንድ ላይ ያመጣ የመጀመሪያው ሞል እሱ ነው። ጣሪያ የለበሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን በአቅራቢያው ያለው የፔንታገን ሲቲው ሞል ከሜትሮ ጣቢያ ጋር ተያይዞ ተከፈተ። ላንድማርክ 395 ሀይዌይ ዳር ቢሆንም ከባቡር ወርደው በእግር የሚገቡበት ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ መደብሮቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ዉዲስ በ1995 ከነኩባንያው ጠፋ። ሄክትስ በ2006 ስሙ ወደ ሜሲስ ተቀየረ። በኋላ የመጣው ሎርድ ኤንድ ቴይለር የተባለው መደብር በ2009 ዘጋ። በ2017 መጀመሪያ ሜሲስ ወጣ፤ የሞሉ መተላለፊያም ጃንዋሪ 31 ቀን ተቆለፈ። ሲርስ ብቻውን እስከ 2020 ቆየ። ባዶው የሜሲስ ሕንጻ በመሀሉ ለተወሰነ ጊዜ የቤት አልባዎች መጠለያ ሆኖ አገልግሏል፤ ለእኔ ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ጥሩው ሥራ ይህ ነው።

ታዲያ ለምን ቶሎ አላደሱትም? መሬቱ የአንድ ሰው አልነበረም። የመሀሉ ሃዋርድ ሂዩዝ የተባለው ኩባንያ፣ አንዱ ጫፍ የሜሲስ፣ ሌላው የሲርስ ነበር። እንዲህ ባሉ ሞሎች ትልልቆቹ መደብሮች ከሞሉ ጋር የቆየ ስምምነት አላቸው፤ ፓርኪንጉን ለመቀነስም ሆነ አዲስ ሕንጻ ለማቆም የእነሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከተማው በ2013 ያጸደቀው የማደሻ ዕቅድ ሳይሠራ ቀረ። ሃዋርድ ሂዩዝ የሜሲስን ድርሻ የገዛው በ2017 ነው። ነገሩ የተፈታው ሁሉም ባለድርሻ ከተስማማና ከተማው እስከ 140 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ከፈቀደ በኋላ ነው፤ 54 ሚሊዮኑ ለሆስፒታሉ መሬት፣ 86 ሚሊዮኑ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት።

እንግዲህ ወዳንቺ ጉዳይ ልምጣ። መጀመሪያ ትልልቆቹ መደብሮች ሕንጻቸው የማን እንደሆነ ጠይቂ። የካውንቲው የንብረት ግብር መዝገብ ላይ በአድራሻ ይገኛል። እነዚህ መደብሮች ሰው ይስባሉ ተብሎ ኪራያቸው በጣም ዝቅተኛ ነው፤ የሞሉን ወጪ የሚሸከሙት እንዳንቺ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ናቸው። ትልቁ ሲዘጋ በመጀመሪያ የሚጎዱት በእሱ በር አጠገብ ያሉት ናቸው፤ መተላለፊያው መጨረሻ ላይ መዝጊያው ከወረደ ወደዚያ የሚያልፍ ሰው የለምና። ስለዚህ ውልሽ ውስጥ “ትልቁ መደብር ከተዘጋ ኪራዩ ይቀንሳል፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተተካም መውጣት እችላለሁ” የሚል አንቀጽ ይግባ። ይህ አንቀጽ ያላቸው በየቦታው ቅርንጫፍ ያላቸው የታወቁት ሱቆች ናቸው፤ ግለሰብ ነጋዴ ካልጠየቀ የሚሰጠው የለም።

ከሁሉ በላይ የጋራ ወጪውን ስሌት እዪ፤ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ መብራት፣ በረዶ ማስጠረጊያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግብርና ኢንሹራንስም ከዚያ ጋር ይመጣሉ። ሱቅሽ 1,000 ስኩዌር ፊት፣ ለኪራይ የሚሆነው ቦታ በሙሉ 300,000፣ የዓመቱ ወጪ 3 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል፤ ድርሻሽ 10,000 ዶላር ይሆናል። ውሉ ግን “በተከራየው ቦታ” እየተካፈለ ከሆነ፣ ግማሹ ሱቅ ባዶ ሲሆን አካፋዩ 150,000 ይሆናል፤ አንቺም 20,000 ትከፍያለሽ። ጎረቤትሽ በወጣ ቁጥር የእሱን ዕዳ አንቺ ትሸከሚያለሽ ማለት ነው። “ሊከራይ በሚችለው ቦታ በሙሉ” ይካፈል በያቸው፤ በዓመት ከስንት በመቶ በላይ እንዳይጨምርም ጣሪያ ይኑረው።

ባለቤቱ ሞሉን ሊያፈርስ ቢፈልግ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስወጣሻል የሚል ነገር ካለ፣ ለመደርደሪያና ለመብራት ሥራ ገንዘብሽን አታፍስሺ፤ ተነቃቅሎ የሚሄድ ዕቃ ብቻ አስገቢ።

ሳትፈርሚ የጋራ ወጪውን ገጽና የማቋረጫውን አንቀጽ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ አይቼ እደውልልሻለሁ። ከዚያ ለጠበቃ ታሳይዋለሽ። ቤተሰቡን በሙሉ ሰላም በዪልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ