ይድረስ ለአባባ፣ ዘጌ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጁ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። "ለአያቴ ንገሪልኝ" ብሎኛል፣ ይኸው ነገርኩ። ፊደል ጨርሶ አሁን የሱቅ ታፔላ ሁሉ እያነበበ ነው የሚሄደው። መንገድ አያስኬደኝም።

ይህን ደብዳቤ የእታለም ልጅ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። በስልክ የማይሆን ነገር ስላለኝ ነው የጻፍኩት። በስልክማ "ደህና ነኝ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ" ብለው ይዘጉብኛል።

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት መጥቼ ፎቶዎቹን ሳሳይዎ እንግዳ ነበር፣ በቅጡ አልተጫወትንም። ምን እየሠራሁ እንደከረምኩ እንኳ አልነገርኩዎትም። እስቲ አሁን ልንገርዎ።

ሙከራ ላይ ነኝ። ሰባት ዓመት ሠርግና ልደት ሳነሳ እጄ አንድ ነገር ብቻ ለመደ። እንጀራዬ ነው፣ አላማርርም። ግን ካሜራው ሌላ ምን እንደሚችል ሳላውቅ ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሥራ በሌለኝ ቀን አንድ አዲስ ነገር እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ጢስ ዓባይ ሄድኩ። መስከረም ላይ ነው፣ ውሃው ሙሉ ሳለ። በበጋ ከፊሉ ለመብራት ስለሚሄድ ፏፏቴው ይሳሳል። ዱሮ ውሃ ሳነሳ ጠብታው አየር ላይ ቆሞ ይቀር ነበር፣ እንደ ጠጠር። አሁን ካሜራውን ትራይፖድ በሚሉት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰርኩና ሌንሱ ላይ ጥቁር ፊልተር ገጠምኩ። ብርሃኑን ለመቀነስ ነው። ከዚያ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ከፍቼ ተውኩት። ድንጋዩ ስላልተነቃነቀ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ውሃው ግን ባዘቶ ሆነ፣ እማ ልትፈትል ታዘጋጀው የነበረው ዓይነት ባዘቶ። ካፊያው ሌንሱን እያረጠበብኝ በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ዋልኩ።

ቀጥሎ ብስክሌት ሞከርኩ። ባሕር ዳር ብስክሌት አይጠፋም። ዘንባባው ሥር እቆማለሁ። የሚያልፈውን ልጅ ከወገቤ እየዞርኩ በካሜራው እከተለዋለሁ፣ በሱ ፍጥነት። ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ ማለቴ ነው፣ የሰከንድ 1/30ኛ ላይ አደርገዋለሁ። ሲሳካ ልጁ ጥርት ይላል፣ ከኋላው ያለው ከተማ እንደ ጥለት ክር ተስቦ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ግን አይሳካም። አንድ ጠዋት ሰማንያ አንስቼ የወደድኩት ሁለቱን ነው።

ነጭ ልብስ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አመድማ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ጋቢ ካየ "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል። የበዓል ፎቶ ላይ የሰው ጋቢ ሁሉ ያደፈ የሚመስለው ለዚህ ነው። አንድ ደረጃ ብርሃን ስጨምርለት ጋቢው ይነጣል፣ ፊትም ከጥላ ይወጣል። ሰማዩ ይጠፋል። ይጥፋ። ይህንን የተማርኩት በእርስዎ ጋቢ ነው።

ሰው ሁሉ የሚወደውን ግን ተውኩት። ማታ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትወርድ ታንኳ ላይ ያለን ሰው ጥቁር ጥላ አድርጎ ማንሳት ነው። ቀላል ነው። ብርሃኑን ለሰማዩ መለካት ብቻ፣ ደንገሉም ሰውየውም መቅዘፊያውም አንድ ጥቁር ቅርጽ ይሆናሉ። እንግዳ ይወደዋል፣ ይሸጣል። እኔ ግን ፊት የሌለው ሰው ሳነሳ አንጀቴ አይችልም። ምክንያቱን ያውቁታል።

በእታለም ሠርግ የተነሳው ፎቶ 36 ነው፣ አንድ ፊልም ሙሉ። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። እማ በአንዱም ላይ ፊቷ የለም። ቀሚሷን ቀይራ ዳሱ ፊት ልትቆም ስትመጣ "እንግዳው ወጥ እየጠበቀ አንቺን ፎቶ አማረሽ?" አሏት። ሰው ፊት። ምንም ሳትል ተመለሰች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። በአንደኛው ፎቶ ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ የጓዳው በር ይታያል። ከበሩ አንድ ክንድ ወጥቷል፣ ሰፌድ ይዟል። አንጓዋ ላይ ያለውን ንቅሳት ስለማውቀው ነው እሷ መሆኗን የለየሁት። ከዚያ ክንድ ሌላ ያለኝ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ነው። እሱም ላይ ማህተሙ አገጯን ሸፍኖታል።

አንቺ ልጅ፣ ይህንን እንዳትዘይው። እንዳለ አንብቢላቸው።

ክፋት እንዳልነበረብዎ አውቃለሁ አባባ። ያን ቀን የጨነቀዎት እንግዳው ነበር። ግን ሃያ አምስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ኖረ። ሰው ባነሳሁ ቁጥር ያ ክንድ ይመጣብኛል።

በነገራችን ላይ፣ ያ ከገበያ የተገዛውን የዓይን ጠብታ መጠቀም ያቁሙ። ምን እንደሆነ አይታወቅም። እታለም ትጣለው።

አሁን ደግሞ የያዝኩት የጨለማ ክፍል ነው። ኩፍኝ ይዞኝ መስኮቱን ዘግታችሁ ያስተኛችሁኝን ያስታውሳሉ? የመስኮቱ እንጨት ላይ ቀዳዳ ነበረች። ግድግዳው ላይ የሎሚው ዛፍ ተዘቅዝቆ ታየኝና ጮህኩ። ሰው ሁሉ ትኩሳቱ ነው አለ። እርስዎ ግን አጠገቤ ተጋድመው ወደ ግድግዳው አዩና "እውነቷን ነው" አሉ። ያቺን ቃል እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ለካ ያ ካሜራ ነው። ከላይ የሚመጣው ብርሃን በቀዳዳዋ ቀጥ ብሎ አልፎ ታች ያርፋል፣ ከታች የሚመጣው ደግሞ ላይ። ዓለም የሚዘቀዘቀው ለዚህ ነው። እዚህ የተከራየሁትን ክፍል መስኮት በጥቁር ላስቲክ ሸፍኜ ሞከርኩት። ቀዳዳዋ የአንድ ብር ሳንቲም አታህልም። ዘንባባው ግድግዳዬ ላይ ተዘቀዘቀ፣ ባጃጅ በጣሪያዬ ሄደ። ልጁ በደስታ ጮኸ። እኔም "እውነቱን ነው" አልኩ። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ አንዱ ፎቶ 30 ሰከንድ ይፈጃል።

ዓይንም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ጨለማ ክፍልና ቀዳዳ። ከቀዳዳው ኋላ ሌንስ አለ። ሞራ የሚባለው እሱ ሲደፈርስ ነው።

እንግዲህ ልናገረው። በኪዳነ ምሕረት ዕለት ፎቶውን ስሰጥዎ ገልብጠው ነበር የያዙት። ነጩን ጀርባ ወደ በሩ ብርሃን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። "አምሮበታል፣ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ዝም አልኩ። ጀልባው ባሕር ዳር እስኪደርስ አለቀስኩ።

"ከእንግዲህ የማየው ምን ቀረኝ" እንዳሉ እታለም ነግራኛለች። እንዲህ አይበሉ አባባ። እኔ ቀርቻለሁ።

ሐኪም ጠይቄያለሁ። ሞራ ከሆነ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተካሉ። የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የዓይን ግፊት ከሆነ ግን የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ማቆየት ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይመረመሩ አይታወቅም። "ከፋሲካ በኋላ" የሚሉትን የማልቀበለው ለዚህ ነው። ምርመራው ጾም አያስፈታም። ቡናው ተለቅሟል፣ ጌሾውን እታለም ታየዋለች። ገንዘቡን አያስቡ፣ ለዚሁ ብዬ ያስቀመጥኩት አለ።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሰኞ አብረን በጀልባ እንመለሳለን። እሑድን ግን ለእኔ ይስጡኝ። ከቅዳሴ መልስ ያንን መስኮት እንዘጋዋለን። ጋቢዎን ለብሰው ግድግዳው ሥር ይቀመጣሉ፣ ሎሚው ተዘቅዝቆ በላይዎ ላይ ያርፋል። 30 ሰከንድ ብቻ አይንቀሳቀሱብኝ።

ያንን የጋቢዎን ፎቶ ድጋሚ አሳጥቤ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ቀይ ክር ሰፍቼበታለሁ። በጣትዎ ይዳስሱት። ክሩ ከላይ በቀኝ እጅዎ በኩል ከሆነ ፊቱ ወደ እርስዎ ነው።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር