መሠረቱ ገንዘቡን የበላው ቤት

ይድረስ ለውድ አባዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኦስሎ አሁን ሐምሌ ነው፤ መሸ ሲባል ገና ብርሃን ነው።

ባለፈው በስልክ «ጀምሬ የማልጨርስ ሰው ሆኜ ቀረሁ» ያሉኝ ከሆዴ አልወጣ አለ። በጅምር ስለቀረው ፎቃችን መሆኑ ገብቶኛል። ያኔ መልስ አጣሁ። አሁን ግን አንድ ሰው ላስተዋውቅዎት።

እሑድ ቲኬት ቆርጬ የዚህን አገር ቤተ መንግሥት ጎበኘሁ። ግቢው አጥር የለውም! ሰው ውሻውን እየጎተተ በንጉሡ መስኮት ሥር ያልፋል። «ዘበኛው የታለ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አለ፤ ባርኔጣው ላይ ጥቁር ጭራ ያንጠለጠለ ልጅ እግር ነው። እሱ ፊቱን ሲያዞር ግድግዳውን በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት። ልስኑ የለቀቀ ግድግዳ እንደ ከበሮ ይጮኻል ብለው አስተምረውኝ የለ? አልጮኸም። ከሩቅ ድንጋይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የተለሰነ ጡብ ነው።

ንድፉን ያወጣውና ያሠራው ሀንስ ሊንስቶው ይባላል። ዴንማርክ ተወልዶ ኖርዌይ የመጣ ነው። የተመረቀው ደግሞ በምን መሰለዎት? በሕግ! ግንባታውን በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው።

ንጉሥ ካርል ዮሐን የመሠረት ድንጋዩን ያኖሩት በፈረንጆቹ 1825 ነው። በ1827 ሥራው ቆመ። ለምን? መሠረቱ ገንዘቡን በላው! በዚያ ላይ ንጉሡ በአንድ ዘውድ ሥር የነበሩትን ኖርዌይንና ስዊድንን ይበልጥ ለማቆራኘት ስለሞከሩ ፓርላማው አኩርፎ በጀት ከለከለ። ኮረብታው ላይ የተጀመረው ቤት እስከ 1833 እንዲሁ ከረመ። የንጉሥ ቤት እኮ ነው፣ አባዬ። የኛ ኮተቻ አፈር ሲሚንቶውን ሁሉ ውጦ ሲያስቀርብዎት፣ ሰፈሩ ያወራውን አስታወስኩ።

ሊንስቶው ምን አደረገ? ፕላኑን ቀነሰው። ወደ ከተማው የሚዘረጉትን ሁለት ክንፎች ተወና በምትኩ ሦስተኛ ፎቅ ጨመረ። ጣሪያው ለጊዜው ርካሽና ሾጣጣ ነበር። ገንዘብ ሲገኝ ያ ጣሪያ ተነስቶ ዝቅ ያለው ተተካ፤ ከፕላኑ ወጥተው የነበሩት የፊቱ ዓምዶችም ያኔ ተመለሱ። እኔ በበኩሌ ዓምዶቹ ባይኖሩ ቤቱ የጦር ሰፈር ይመስል ነበር እላለሁ። አሁን 173 ክፍል አለው። ካርል ዮሐን ግን በ1844 አረፉ፤ አንድ ቀን እንኳ አልኖሩበትም። ቤቱ የተመረቀው በልጃቸው በኦስካር ጊዜ፣ በ1849 ነው። ሊንስቶው ምርቃቱን አይቶ በ1851 ሞተ።

ከበሩ ፊት ቁልቁል የሚወርደውን የካርል ዮሐን ጎዳናንም ያቀደው እሱ ነው። ሁሌ ወደ ሥራ ስሄድ አቋርጠዋለሁ፤ ማን እንዳቀደው ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ያ ፎቁ ላይ የቆመው ፌሮ፣ እማዬ የልብስ ማስጫ ገመድ ያሰረችበት፣ ዝገቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ፕላኑን እንቀንሰው። ከሦስቱ ክፍል ሁለቱ ይበቃል፤ የቀረው በረንዳ ይሁን። ቆርቆሮውን እኔ እችላለሁ። ርዝመቱንና ስፋቱን አስለክተው ይላኩልኝ። መሰላሉን ግን የጎረቤት ልጅ ይውጣልዎት፤ እርስዎ በዚያ ጉልበት እንዳይሞክሩት።

ልጅዎ